ሐምሌ ገብርኤል በመጣ ቁጥር የማስበው ኪቦርዲስት፦ ብሬንት ሚድላንድ (1952–1990)

የሜሪት_ሐይቅ · ሐምሌ 19፣ ከምሽቱ 2:10

ሰላም ለዚህ ቤት፣ እንኳን ለሐምሌ ገብርኤል አደረሳችሁ። ቡናው ሦስተኛ ደርሶ ልጆቹ ወደየቤታቸው ሲበተኑ እኔ ጓዳ ገብቼ ካርቶን ስበረብር አመሸሁ። የምፈልገው አንድ የድሮ ካሴት ነው። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 26 ቀን 1990፣ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 19 ቀን 1982፣ ግሬትፉል ዴድ የተባለው የአሜሪካ ሮክ ባንድ ኪቦርዲስት ብሬንት ሚድላንድ ካሊፎርኒያ፣ ላፋየት በሚገኘው ቤቱ ሞቶ ተገኘ። 37 ዓመቱ ነበር። ላፋየት ከኦክላንድ ዋሻውን አልፎ ያለች ከተማ ናት። እዚህ ስለ ሮክ ብዙም እንደማይወራ አውቃለሁ። ግን ኦርጋን የምትጫወቱ ልጆች ስላላችሁ ይህን ሰው እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ።

እኔ በሱዳን በኩል ዞሬ ኦክላንድ የገባሁት እ.ኤ.አ. በ1984 ነው (ከዚህ በኋላም ዓመቱን የምጠራው በዚሁ በፈረንጆቹ ነው)። የመጀመሪያ ሥራዬ ሜሪት ሐይቅ ዳር ካለው ሄንሪ ካይዘር አዳራሽ አቅራቢያ መኪና ማቆሚያ መጠበቅ ነበር። ዴዶች በዚያ ዘመን እዚያ አዳራሽ ይመላለሱ ነበር፤ አንዴ ከመጡ ደግሞ በአንድ ምሽት አይለቁም። ሕዝቡን መጀመሪያ ሳየው ቁልቢ ነው ትዝ ያለኝ። ከሩቅ በእግርም በመኪናም የመጣ ሰው ሣሩ ላይ ብርድ ልብሱን ዘርግቶ፣ ባቄላ ቀቅሎ፣ ለማያውቀው ሰው እያቋደሰ ያድራል። ለእኔም ያቋድሱኝ ነበር። ገና ቋንቋቸውን በቅጡ ለማላውቀው ለእኔ!

ከጥበቃ ቤቷ ሆኜ ሙዚቃውን እሰማለሁ። ቃሉ አይለይም፣ ጊታሩም አንዳንዴ ይጠፋል። ግድግዳውን አልፎ የሚመጣው ቤዙና ኦርጋኑ ነበር። ኦርጋኑ ቀስ እያለ ይወዛወዛል፣ ይወዛወዛል፣ ከዚያ ድንገት ይፈጥንና ሙሉ አዳራሹ እንደተነሣ በሕዝቡ ጩኸት አውቃለሁ። ማን እንደሚጫወተው ሳላውቅ ሁለት ዓመት ያህል ያንን ሰው ጠብቄ ኖርኩ ማለት ይቻላል።

አንድ ሌሊት አንድ ወጣት የመኪና ማቆሚያ ሂሳብ አጥሮት፣ ከኪሱ ካሴት አውጥቶ ሰጠኝ። በአረንጓዴ እስክሪብቶ "ካይዘር፣ ፌብሩዋሪ 86" ተጽፎበታል። "ኦርጋኑን ስማው፣ ብሬንት ይባላል" አለኝ። የዛሬው ፍለጋዬ እሱን ካሴት ነው።

ጥቁር_ቁልፍ · ሐምሌ 19፣ ከምሽቱ 2:41

ጋሼ፣ እንኳን አብሮ አደረሰን። እኔ አዲስ አበባ በአንድ ናይት ክለብ ባንድ ውስጥ ኪቦርድ እጫወታለሁ። ስሙን ሰምቼው አላውቅም ነበር፣ አሁን ከፈትኩት። ግን አንድ ነገር አነበብኩ፤ የዚያ ባንድ የኪቦርድ ወንበር የተረገመ ነው ይላሉ። የተቀመጡበት ሁሉ ሞተዋል። እውነት ነው?

የሜሪት_ሐይቅ · ሐምሌ 19፣ ከምሽቱ 3:05

ልጄ፣ ይህን ወሬ አልወደውም። አራት ሰው ሞቷል፣ እውነት ነው። ሟቾቹን ግን አንድ በአንድ ቁጠራቸው።

ፒግፔን የሚባለው መሥራቹ በ1973 ሞተ፣ በ27 ዓመቱ። መጠጥ ሆዱን ጨርሶት በውስጥ ደም ፈሶት ነው። ኪት ጎድሾ ከባንዱ በወጣ በዓመት ከመንፈቁ ገደማ፣ በ1980፣ በ32 ዓመቱ በመኪና አደጋ። ብሬንት በ1990። ከብሬንት በኋላ የገባው ቪንስ ዌልኒክ ከድብርት ጋር ለዓመታት ታግሎ በ2006፣ በ55 ዓመቱ፣ በራሱ እጅ አለፈ። መጠጥ፣ መንገድ፣ ዕፅ፣ የአእምሮ ሕመም። አራት ሰው፣ አራት ምክንያት። ቶም ኮንስታንተን ደግሞ በ1970 ከዚያው ወንበር ተነሥቶ ከዚያ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት ሲጫወት ኖሯል፤ እሱን የሚቆጥረው የለም።

ኪት የሞተው ጁላይ 23 ቀን 1980 ነው። ብሬንት የመጨረሻውን ኮንሰርት ቺካጎ አጠገብ ቲንሊ ፓርክ ላይ የተጫወተው ጁላይ 23 ቀን 1990፣ ልክ በአሥረኛ ዓመቱ። ቀኑ ገጥሟል፣ አልክድም። ግን "እርግማን" ካልን ሰውየውን ማን ጠየቀው፣ ማን እጁን ያዘው የሚለው ጥያቄ ይቀራል። እኔ የሚያንገበግበኝ ያ ነው።

ብሬንት የገባው ኤፕሪል 1979 ነው፣ ሳን ሆዜ ላይ ነበር የመጀመሪያ ኮንሰርቱ። ከኪቦርዲስቶቹ ሁሉ ረጅሙን ጊዜ የቆየው እሱ ነው፣ 11 ዓመት። እስከ መጨረሻው ግን ደጋፊው "አዲሱ ልጅ" ይለው ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አዲስ! እኔም እዚህ አገር ስንት ዓመት ቆይቼ "ከየት ነህ፣ መቼ መጣህ" ስባል ስለኖርኩ ይሆናል፣ ይህች ነገር እስከ አጥንቴ ትገባኛለች።

ባለ_ሃሞንድ · ሐምሌ 19፣ ከምሽቱ 4:20

ጋሼ ሜሪት፣ እጅዎን ይባርከው። እኔ ለንደን ነኝ፤ እሁድ እሁድ አንድ የካሪቢያን ሰዎች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሃሞንድ እጫወታለሁ። እርስዎ በግድግዳ ውስጥ የሰሙት ነገር ምን እንደሆነ ላስረዳ፤ ጥቁር ቁልፍም ይጠቅመዋል።

እኛ አገር ቁልፍ ያለውን ሁሉ ኦርጋን እንላለን፤ ሠርግ ላይ ያለችው ያማሃም ኦርጋን ናት። ብሬንት የሚጫወተው ሃሞንድ ቢ-3 ሌላ ፍጥረት ነው። ከ1950ዎቹ አጋማሽ እስከ 1974 የተሠራ፣ ሁለት ደርብ ቁልፍ፣ እያንዳንዱ ደርብ 61፣ ከሥር በእግር የሚረገጥ 25። ሆዱ ውስጥ 91 የብረት ጎማዎች አሉ። ጥርስ ጥርስ አላቸው፤ ማግኔት ፊት ሲሽከረከሩ ድምፁን የሚፈጥሩት እነሱ ናቸው። ኤሌክትሮኒክስ ብቻ አይደለም፣ ማሽን ነው። ዘይት ይጠጣል። ሲነሣ እንደ መኪና ነው፦ መጀመሪያ "ስታርት" የሚለውን ስምንት ሰከንድ ያህል ይዘህ ታቆያለህ፣ ሞተሩ ሲሮጥ ትሰማዋለህ፣ ሳትለቀው "ረን" የሚለውን ትጨምራለህ፣ ከዚያ ትለቃለህ። የእኛን ከምድር ቤት ወደ ላይ ስናወጣው አምስት ሰው ሆነን ሦስት ጊዜ አርፈናል፤ ከነወንበሩና ከነፔዳሉ ወደ 190 ኪሎ ነው።

ያ የሚወዛወዘው ድምፅ ደግሞ ከኦርጋኑ ሳይሆን ከስፒከሩ ነው። ሌስሊ ይባላል። የእንጨት ቁምሳጥን ነው፤ ውስጡ ላይኛው ቀንድ እውነት ይሽከረከራል፣ ከታች ደግሞ ለቤዙ ሌላ ከበሮ ይዞራል። ድምፁ አንዴ ወደ አንተ፣ አንዴ ወደ ግድግዳው ይሄዳል። ሁለት ፍጥነት አለው። ከዝግታ ወደ ፍጥነት ሲቀየር ቀንዱ ቶሎ ይፈጥናል፣ የታችኛው ከባድ ስለሆነ ዘግይቶ ይደርሳል። በዚያች በሁለቱ መሀል ባለች ጊዜ ነው ሰው ፀጉሩ የሚቆመው። ጋሼ የሰሙት "ድንገት ይፈጥናል" ያሉት እሱ ነው፤ ብሬንት በእጁ ማብሪያዋን ነክቶ ነው።

ጥበቡ ማብሪያዋን መንካቱ ላይ አይደለም፣ መቼ እንደምትነካ ማወቁ ላይ ነው። ያ ባንድ ሁለት ድራመር፣ ሁለት ጊታር፣ ዝም የማይል ቤዝ ያለው ባንድ ነው፤ የፊል ሌሽ ቤዝ እንደ ሌላው ሰው ቤዝ ሥሩን ይዞ አይቀመጥም። ኪቦርድ የሚገባበት ቀዳዳ የለም። ብሬንትን ስትሰሙት ብዙ ቦታ ዝም ይላል። ጊታሪስቱ ጄሪ ጋርሲያ አንድ ሐረግ ጀምሮ ሲያንጠለጥለው ግን ጫፉን ይዞ የሚጨርስለት እሱ ነው። ለዚያ ጆሮ ያስፈልጋል፤ ጣት ያለው ብዙ ነው።

ጥቁር_ቁልፍ · ሐምሌ 19፣ ከምሽቱ 4:52

ወንድሜ፣ ዛሬ ማታ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ በእረፍት ሰዓት ነው ያነበብኩት። ሁለተኛውን ዙር ስንጫወት ሆን ብዬ እጄን ከኪቦርዱ አነሣሁ። ሳክሶፎኑን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት መሰለኝ።

እኔም_አለኝ · ሐምሌ 20፣ ከጠዋቱ 1:30

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ሰውየው በዕፅ ነው የሞተው። ኮኬይንና ሞርፊን ቀላቅሎ። እዚህ ወጣቶች ያነባሉ። ለእንዲህ ዓይነት ሞት ዝክር መደገስ ልክ ነው ትላላችሁ? ሁለት ሴት ልጆች ትቶ ነው የሄደው። ስለ እነሱ ማን ይናገር?

የማታ_ነርስ · ሐምሌ 20፣ ከጠዋቱ 3:15

ወንድሜ፣ ጥያቄህ የሚከፋ አይደለም። እኔ ሚኒሶታ የድንገተኛ ክፍል ነርስ ነኝ፤ በዚህ መንገድ የሄደ የአክስት ልጅም አለኝ። ስለዚህ በሁለቱም በኩል ልመልስልህ።

ኮኬይን ልብን ያስሮጣል፣ ሞርፊን እስትንፋስን ያቀዘቅዛል። ሁለቱን አንድ ላይ የሚወስድ ሰው አንዱ አንዱን የሚያስተካክልለት ይመስለዋል። አይደለም። ኮኬይኑ ቶሎ ይወጣል፤ ሞርፊኑ ይቆያል። ሰውየው ነቅቶ ሲያወራ የነበረው ያ የሚያነቃው ነገር ስላለ ነው። እሱ ሲያልቅ እስትንፋሱን የሚያፍነው ብቻውን ይቀራል። ሰው እንቅልፍ ወሰደው ብሎ ትቶት ይሄዳል። ማንኮራፋት የሚመስል ከባድ ድምፅ፣ የከንፈር መጥቆር፣ ቢጠሩት ቢነቀንቁት አለመንቃት፦ ይህን ያያችሁ እንቅልፍ ነው ብላችሁ አትለፉ። አምቡላንስ ጥሩ። ናሎክሶን የሚባለው በአፍንጫ የሚነፋ መድኃኒት የሞርፊንን ወገን ይመልሳል፤ አሜሪካ ውስጥ ከ2023 ጀምሮ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ ከፋርማሲ ይገዛል። እኔ ቦርሳዬ ውስጥ ሁለት አለ። ቤታችሁ አስቀምጡት። "በእኛ ቤት የለም" አትበሉ፤ እኛም እንደዚያ ብለን ነበር።

የአክስቴ ልጅ ሲሞት ለቀስተኛው "በልብ ድካም" ተባለ። ሦስት ቀን ሙሉ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሁላችንም እየዋሸን ተላቀስን። ከዚያ በኋላ ስሙ አይነሣም። ፎቶው ከግድግዳው ወረደ። ደስ የሚል ልጅ ነበር፤ ሽንኩርት ሲከትፍ ይዘፍናል። ይህን እንኳ መናገር ተከለከልን፣ ምክንያቱም ስሙ ከተነሣ አሟሟቱ ይነሣል።

እና እዚህ ጋሼ ሲናገሩ ሳነብ፣ በ27ም በ37ም የሞተን ሰው አሟሟቱን ሳይደብቁ፣ ሥራውንም ሳያሳንሱ አንድ ላይ ሲጠሩት፣ እኔ ዕፁን ማወደስ አልታየኝም።

እኔም_አለኝ · ሐምሌ 20፣ ከጠዋቱ 3:58

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ያልኩት ከክፋት አይደለም፤ እኔም የምፈራለት ልጅ ቤቴ አለ። መድኃኒቱን ዛሬ እገዛለሁ።

የሜሪት_ሐይቅ · ሐምሌ 20፣ ከቀኑ 7:20

እናት ዓለም የማታ ነርስ፣ የልጁን ነፍስ ይማር። ሽንኩርት ሲከትፍ የሚዘፍነው ልጅ በእኔ ቤት ዛሬ ታስቧል።

ስለ ሴት ልጆቹ ለተጠየቀው፤ ብሬንት ራሱ ተናግሯል። በ1989 መጨረሻ በወጣው አልበም ላይ አራት ዘፈን የእሱ ነው፤ ከዚያ በፊት በአንድ አልበም ይህን ያህል ድርሻ አግኝቶ አያውቅም። ከአራቱ አንዱ ለልጆቹ የሠራው እሹሩሩ ነው፣ ወደ ቤት ይዤሽ እሄዳለሁ የሚል። ግጥሙን ከጆን ባርሎ ጋር ነው የጻፉት። ድምፁ ሻካራ ነው፣ እንደ እንጨት መፋቂያ፤ በዚያ ሻካራ ድምፅ ልጅ ሲያባብል መስማት… እኔም ሴት ልጅ አለኝ። አንዴ ከሰማሁት በኋላ ቶሎ አልደገምኩትም።

የሚገርማችሁ፣ ያ ዘመን ለባንዱ የሲሳይ ዘመን ነበር። በ1987 ከ20 ዓመት በላይ ከተጫወቱ በኋላ አንድ ዘፈናቸው በአሜሪካ ሰንጠረዥ 9ኛ ወጣ፣ ከመጀመሪያዎቹ አሥር የገባ ብቸኛው። ከዚያ ካይዘር ቀርቶ ስታዲየምም አልበቃቸው አለ። የ1990 የጸደይ ጉዟቸውን ዕድሜ ልካቸውን ከተጫወቱት ሁሉ የሚያስቀድሙት ብዙ ናቸው። ማርች 29 ኒውዮርክ ናሶ ላይ ሳክሶፎን ተጫዋቹ ብራንፎርድ ማርሳሊስ አብሯቸው ወጣ፤ ጃዝ ያደገበት ሰው ከእነሱ ጋር ተጫውቶ እንዲያ ሲገጥም ስሙና ፍረዱ፣ ቅጂው አለ። ከኋላ መሬቱን የሚያነጥፍለት ብሬንት ነው።

በቲንሊ ፓርኩ የመጨረሻ ምሽት፣ ሕዝቡ ድገሙ ሲል፣ የሌላ ባንድ የሆነ የቆየ ዘፈን ስንኙን ተከፋፍለው ዘፈኑ። ለብሬንት የደረሰችው ስንኝ "እኔ መሄድ አለብኝ" የምትል ናት። በሦስተኛው ቀን ሞተ። እዚያ የነበረ ሰው ያኔ ምንም አልመሰለውም።

ከሞተ በ43ኛው ቀን፣ ሴፕቴምበር 7፣ ባንዱ ኦሃዮ ላይ ወደ መድረክ ተመለሰ። በእኛ ቁጥር አርባው ከወጣ ሦስት ቀን። በእሱ ቦታ ዌልኒክ ገባ፤ ከሳምንት በኋላ ደግሞ ብሩስ ሆርንስቢ ተጨመረ። አንድ ሰው ሲሸከመው የነበረውን ለሁለት ተካፈሉት። ቸኩለዋል ባይ ነኝ። ሐዘኑን ሳይቀመጡበት ነው የተነሡት፤ ጋርሲያም በ1995፣ በ53 ዓመቱ ሄደ። ይህ የእኔ አስተያየት ነው፣ ሌላ የሚል ካለ እሰማለሁ።

ባለ_ሃሞንድ · ሐምሌ 20፣ ከቀኑ 9:02

ጋሼ፣ በዚህች ላይ አልስማማም። እነዚያ ሰዎች ሐዘናቸውን የሚቀመጡበት ቦታ መድረኩ ብቻ ነበር ብዬ ነው የማስበው። አባቴ ሲያርፍ በሳምንቱ እሁድ ኦርጋኑ ላይ ተቀምጬ ነበር። ሰዎች ታዘቡኝ። ቤት ብቀመጥ ኖሮ እታመም ነበር።

የሜሪት_ሐይቅ · ሐምሌ 20፣ ከቀኑ 9:30

ይሁን ልጄ። እንደዚያም ይሆናል፤ አላሰብኩትም ነበር።

ሹፌሩ_ዲሲ · ሐምሌ 20፣ ከምሽቱ 1:45

እኔ ዋሽንግተን ታክሲ ነድቼ ነው ልጆቼን ያሳደግሁ። ስለ ኪቦርዲስት ሲወራ ኃይሉ መርጊያን ሳላነሣ አላልፍም። የዋልያስ ኦርጋን ነበር፤ በ1981 ከባንዱ ጋር አሜሪካ መጥቶ ቀረ፣ እኛው ሠፈር ታክሲ ነዳ። ኤርፖርት ተራ ሲጠብቅ ከዕቃ መጫኛው ኪቦርዱን አውጥቶ የኋላ ወንበር ላይ ይለማመድ ነበር። በ1985 የሠራው የአኮርዲዮንና የኪቦርድ ካሴቱ በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለም አወቀው፤ በ2018 ደግሞ 70 ዓመት አልፎት አዲስ አልበም አወጣ። ብሬንት ቢቆይ ኖሮ እሱም 70ውን አልፎ ነበር። ከአስጨናቂው ነገር ተርፎ፣ ተራ ሥራ እየሠራ፣ ጣቱን ሳያሳርፍ ቢቆይ ምን ይዞልን ይመጣ ነበር እያልኩ አስባለሁ።

ኤልያስ መልካን በ42 ዓመቱ ስንቀብረውም ይህንኑ ነው ያሰብኩት።

የመርካቶ_ካሴት · ሐምሌ 20፣ ከምሽቱ 3:10

ስለ ካሴቱ አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ሙዚቃ ቤት ስንሠራ ካሴት ማባዛት የአርቲስቱን ጉሮሮ መዝጋት ነበር፤ ሌሊት ተባዝቶ ጠዋት መንገድ ላይ ይሸጣል። እነዚህ ሰዎች ግን በተቃራኒው ሕዝቡ እንዲቀዳቸው ፈቀዱ፤ ከ1984 መጨረሻ ጀምሮ እንዲያውም ማይክራፎን ይዞ ለሚመጣ የተለየ ቦታ መደቡለት። ደንቡ አንድ ነው፦ መለዋወጥ ይቻላል፣ መሸጥ አይቻልም። ልጁ ለጋሼ ካሴቱን በሂሳብ ፈንታ መስጠቱ ከደንቡ ትንሽ ወጣ ያለ ይመስለኛል፣ ግን ይቅር ይባላል።

ጋሼ፣ ካሴቱን ካገኙት ወዲያው እንዳያጫውቱት። ለዓመታት የተቀመጠ ክር ይጣበቃል። መጀመሪያ ሳያጫውቱ ወደ ፊት እስከ ጫፍ፣ ከዚያ ወደ ኋላ እስከ ጫፍ ቀስ ብለው ያጠንጥኑት። ውስጡ ያለችው ትንሿ ስፖንጅ ወድቃ ከሆነ አይንኩት፤ ብሎኑን ፈትቶ ወደ ሌላ ቀፎ ማዛወር ነው። የማጫወቻውን ጎማ ቀበቶም ይዩት፤ ከላላ ድምፁ ያለቅሳል።

የሜሪት_ሐይቅ · ሐምሌ 21፣ ከጠዋቱ 4:00

አገኘሁት። የልጄ የአንደኛ ክፍል ደብተሮች ሥር ነበር። አረንጓዴው ቀለም ደብዝዟል፣ "86" የምትለዋ ግን ትነበባለች። ስፖንጇ አለች። ቀበቶው ግን እንዳልከው ልልቷል፤ በጣቴ ስነካው ጣቴ ላይ ቀረ። አዲስ አዝዣለሁ፣ እስከ ቅዳሜ ይደርሳል ብለውኛል።

ጥቁር_ቁልፍ · ሐምሌ 21፣ ከጠዋቱ 4:12

ጋሼ፣ ሲያጫውቱት ስልክዎን አጠገቡ አድርገው ይቅዱልኝ። እኔም ለባንዱ ልጆች አሰማቸዋለሁ። አልሸጠውም።

የሜሪት_ሐይቅ · ሐምሌ 24፣ ከምሽቱ 3:47

ቀበቶው ደረሰ። ልጄ መጥታ ገጠመችልኝ፤ የእኔ ዓይን ለዚያች ብሎን አልሆነም። ወደ ፊትም ወደ ኋላም አጠነጠንነው።

ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ገደማ፣ ጊታሩ ዝም ይላል፣ ሕዝቡም ዝቅ ይላል፣ ኦርጋኑ ብቻውን ይቀራል። ባለ ሃሞንድ የነገረኝን ጠበቅሁት፤ ቀንዱ ሲፈጥን፣ ከታች ያለው ከባዱ ዘግይቶ ሲደርስ። ሰማሁት። ከማይክራፎኑ አጠገብ ያለ አንድ ሰው "ብሬንት!" ብሎ ሲጠራው ይሰማል። አንድ ጊዜ ብቻ።

ጥቁር ቁልፍ፣ ልኬልሃለሁ።